አብሲት ያልገባበት ባዮሎጂ

ከዊንጌት ወደ ጳውሎስ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ ወጣት ቢገኝ ማንም አይደነግጥም። ወይ ዳዊት እየደገመ ነው፣ ወይ ነገ ፈተና አለበት። ጠጋ ብሎ ላዳመጠ ይለያል፤ «ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ፣ ቴሎፌዝ» ካለ ባዮሎጂ ነው። ሠፈሩ ለእንዲህ ያለው ድጋም እንግዳ አይደለም። በዚህ በኩል የቀድሞው ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት፣ የዛሬው ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ በዚያ በኩል በሚሊኒየሙ ስም የተጠራው የጳውሎስ ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ በመካከሉ ደግሞ ነጭ ጋዋን፣ ሃንድአውትና ኮፒ ቤት። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሲመለሱ «ጄኔራል ባዮሎጂ» አብሮ መጣና ሐኪም የመሆን ሐሳብ በዞረበት ያልዞረውን ልጅ ሁሉ ከማይቶኮንድሪያ ጋር አፋጠጠው። ኢንጂነር እሆናለሁ ያለውም፣ ኮምፒውተር እማራለሁ ያለውም እኩል ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። እዚህ ላይ የምከራከርለት ነገር አንድ ነው፤ የመግቢያ ባዮሎጂ ከባድ ትምህርት አይደለም፣ ያከበደው እንደ ስልክ ማውጫ ከላይ ወደ ታች መሸምደዱ ነው። ይባስ ብሎ ተማሪው ለመሸምደድ ሲል ደጁን ዘግቶ የሚሸሸው ወጥ ቤት ውስጥ ትምህርቱ ራሱ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

ሃንድአውቱን የተመለከተ ሰው ባዮሎጂ ማለት ስም ብቻ ይመስለዋል። በየገጹ በደማቅ የተጻፈ ቃል አለ፤ በየቃሉ ሥር ትርጉም አለ፤ በየትርጉሙ ውስጥ ሌሎች ሦስት ትርጉም የሚፈልጉ ቃላት አሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ የሳይንስ እድገት ማኅበር የኮሌጅ ባዮሎጂ ምን ላይ ያተኩር ብሎ ሰነድ ሲያወጣ መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳብ ብሎ የቆጠረው አምስት ነገር ነበር፦ አዝጋሚ ለውጥ፣ የቅርጽና የተግባር ዝምድና፣ የመረጃ መተላለፍ፣ የኃይልና የቁስ መለዋወጥ፣ እንዲሁም ክፍሎች ተያይዘው አንድ ሥርዓት መሆናቸው። አምስት! አንድ እጅ ላይ ተቆጥረው ያልቃሉ፤ ማስታወሻ ደብተርም አያስፈልግም። የቀረው ሁሉ የእነዚህ የአምስቱ ቤተሰብ ነው። ችግሩ እኛ ከቤተሰቡ ጋር ስንተዋወቅ ከአጎት ልጅ እስከ ልጅ አማች ድረስ ስም ስንቆጥር ውለን አባወራውን ሳንጠይቅ መሄዳችን ነው። ማይቶኮንድሪያ የሴል የኃይል ማመንጫ መሆኑን የማያውቅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በጉለሌ ቢፈለግ አይገኝም። ኃይሉ ግን ከምን ይመነጫል? ኦክስጅን እዚያ ምን ይሠራል? ባይኖርስ ምን ይሆናል? ሲባል ደግሞ የሚመልስ ለማግኘት ብዙ ደጅ ማንኳኳት ያስፈልጋል።

ስም ቆጠራ ብቻውን የማያዋጣበት አንዱ ምክንያት ስሙና ቁጥሩ የሚያረጅ መሆኑ ነው። ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1946 ሲከፈት «በሰው ሴል ውስጥ ስንት ክሮሞሶም አለ?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ ትክክለኛ መልሱ 48 ነበር። ዓለም ሁሉ ከ1923 ጀምሮ 48 ብሎ አምኗል፤ መጽሐፉም 48 ይላል፣ መምህሩም 48 ይላል። ጆ ሂን ትጂዮ እና አልበርት ሌቫን ስዊድን ውስጥ በጥንቃቄ ቆጥረው 46 መሆኑን ያሳወቁት በ1956 ነው። ስለዚህ ለ33 ዓመት ያህል 46 ብሎ የመለሰ ተማሪ ቢኖር ኖሮ ኤክስ ይገባበት ነበር ማለት ነው። አንድ የግሉኮስ ሞለኪውል በኦክስጅን ሲቃጠል የሚሰጠው የሴል የኃይል ምንዛሪ፣ ኤቲፒም፣ እንዲሁ ነው፤ የድሮው መጽሐፍ 38 ወይም 36 ይላል፣ የአሁኑ 30 ወይም 32። የሕያዋን ምደባውም አምስት መንግሥት ሆኖ በ1969 በዊታከር ተደላድሎ ከተቀመጠ በኋላ በ1990 ካርል ዎዝና ባልደረቦቹ ከላዩ ሦስት ግዛት አምጥተው አስቀመጡበት። ታላቅ ወንድም ለታናሹ ሃንድአውቱን አውርሶ «ይኸው፣ እኔ በዚህ ነው ኤ ያመጣሁት» ሲለው አሮጌ የቤት ቁልፍ እየሰጠው ሊሆን ይችላል። ኤቲፒው 38 ሆነ 30፣ ምግብ ደረጃ በደረጃ እየፈረሰ ኃይሉ ለምን ቀስ ተብሎ እንደሚወሰድ የገባው ልጅ ግን ቁጥሩ ሲቀየር ቅንድቡን እንኳ አያነሳም።

አሁን ወጥ ቤት እንግባ። የጤፍ ዱቄት በውኃ ተለውሶ፣ ካለፈው ሊጥ የተቀመጠው ቢጫማ እርሾ ተጨምሮበት ቡሃቃው ይከደናል። በማግስቱ አረፋ አለው፣ ይሸታል፣ ከላዩ ውኃ ጠሏል። እዚያ ውስጥ ምን እየተካሄደ ነው? እርሾና ባክቴሪያ ስኳር እየበሉ ነው። ሊጡ ውስጥ ኦክስጅኑ ስላለቀባቸው ከአንድ ግሉኮስ የሚያገኙት ሁለት ኤቲፒ ብቻ ነው። ሁለት ኤቲፒ የድሃ ደመወዝ ስለሆነ ለመኖር ብዙ ስኳር መፍጀት ግድ ይሆንባቸዋል፤ ብዙ ሲፈጁ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ብዙ አሲድ ይወጣቸዋል። አሲዱ ለእንጀራው መኮምጠጥ፣ አየሩ ለዓይኑ። ሃንድአውቱ ላይ «አናኤሮቢክ ሬስፒሬሽን እና ፈርመንቴሽን» በሚል ርእስ ሁለት ገጽ ተኩል የሚፈጀው ነገር ቡሃቃው ውስጥ ሌሊቱን ሲንተከተክ ያድራል። በነሐሴ ብርድ ሊጡ አልነሳ ሲል እናት ቡሃቃውን ጋቢ ትደርብለታለች፤ ይህ ሙቀት በኢንዛይም ፍጥነት ላይ ያለው ተጽዕኖ ነው፤ ተማሪው ግን ያንኑ ጉዳይ በግራፍ እየሸመደደ ስለሆነ ጋቢው ለምን እንደተወሰደበት አይገባውም።

አብሲቱ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። የቦካው ሊጥ ላይ ያለው ውኃ ይደፋና ከሊጡ ጥቂት ተቀንሶ፣ ቀጥኖ፣ እየተማሰለ ይፈላል። ሲፈላ ይወፍራል፤ ስታርቹ ውኃ ጠጥቶ ስላበጠ ነው። ከዚያ ለብ እስኪል ይጠበቅና ወደ ሊጡ ይመለሳል። ለምን ይጠበቃል? እንደፈላ ከገባ እርሾውን ይገድለዋል፤ የኢንዛይሞቹ ቅርጽ በሙቀት ተበላሽቶ ሥራቸው ይቆማል። ለምንስ ይመለሳል? ስንዴ አየሩን አፍኖ የሚይዝበት ግሉተን አለው፤ ጤፍ ያ የለውም፤ እንግዲህ አየሩን የሚይዝ ሌላ ነገር መፈለግ ነበረበትና የበሰለው ስታርች ያንን ሥራ ተረከበ። ቅርጽና ተግባር ሲባል ይህ ነው። ሊጡ ለሁለተኛ ጊዜ ኩፍ ይልና ምጣዱ ላይ ሲዞር፣ አክንባሎው ሳይከደን፣ ያ የታፈነ አየር ቀዳዳውን እየፈነቀለ ይወጣል። ይህን ሁሉ ያወቁት ሴቶች የትኛውም ሴሚስተር አልተመዘገቡም። ለምሳሌነት ያመጣሁት እንዳይመስል፤ ቡሃቃው ውስጥ ያለው የሃንድአውቱ የምዕራፍ አራት መጫወቻ ሥዕል ሳይሆን ምዕራፍ አራት ራሱ ነው። መብላላት የሕያዋን ሥራ መሆኑን በ1850ዎቹ መጨረሻ ያስረዳው ሉዊ ፓስተርም ለዚህ ሠፈር ባዕድ አይደለም። ከጳውሎስ አጠገብ ያለው የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ድሮ በስሙ ይጠራ ስለነበር አካባቢው እስከ ዛሬ «ፓስተር» ነው፤ የታክሲ ረዳት በቀን መቶ ጊዜ ስሙን ይጠራዋል፤ ተሳፋሪው ተማሪም እዚያው ተቀምጦ «ፈርመንቴሽን ማለት…» እያለ ያልፈዋል።

ወደ አዝጋሚ ለውጥ ስንመጣ ነገሩ ትንሽ ይከርራል። እዚህ ምዕራፍ ላይ ሽምደዳ ሌላ አገልግሎት አለው፤ መጠለያ ነው። ተማሪው ዳርዊንን ለፈተና መልሶ፣ ሲወጣ አማትቦ፣ ነገሩን በዚያው ይዘጋዋል፤ ስለ ድንቅነሽ የሚያውቀውም ብሔራዊ ሙዚየም መተኛቷንና እ.ኤ.አ. በ1974 በፈረንጅ መገኘቷን ነው። እምነቱን ልነካበት አልፈልግም፤ የእኔ ሙግት ከነፍሱ ጋር ሳይሆን ከሃንድአውቱ ጋር ነው። ግን ምዕራፉን የማይነካ የውርስ ዕቃ ያደረገው ልጅ ነገ ጳውሎስ ሆስፒታል ጋዋን ለብሶ ሲቆም ጀርም መድኃኒትን የሚቋቋመው እያንዳንዱ ባክቴሪያ እየለመደው ይመስለዋል። ከብዙ ሚሊዮኖች መካከል ቀድሞውኑ ለየት ብለው የተገኙት ጥቂቶች ተርፈው፣ ሜዳው ሲለቀቅላቸው መራባታቸውን አያይም። ዊንጌት ራሱ የተቀመጠው ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ እዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቻቸው ስሜን ውስጥ ከ3500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ሰዎችን ደም መርምረው ያገኙት አስገራሚ ነበር። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸውን አብዝተው ይኖራሉ፤ የቲቤቶቹ ሄሞግሎቢናቸውም በደማቸው ያለው ኦክስጅንም ሳይበዛ ይኖራሉ፤ የስሜኖቹ ግን ሁለቱም ባሕር ዳርቻ እንዳለ ሰው ሆኖ ተገኘ። ለአንድ ችግር ሦስት መልስ። ከዚህ የተሻለ የፈተና ጥያቄ ከየት ይመጣል? ሆኖም የአዝጋሚ ለውጥ ጥያቄ ሲወጣ አሁንም ቀጭኔዋ አንገቷን ትስባለች።

«እሺ፣ ግን ሽምደዳ ውጤት ያመጣል» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ፈተናው ምርጫና እውነት ሐሰት ሆኖ፣ አዳራሹ ታጭቆ፣ መምህሩ ያንን ሁሉ ወረቀት ማረም እያለበት፣ ሌሊቱን የሸመደደ ልጅ ጠዋት ይመልሳል። ለምን እንደሚመልስም ይታወቃል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ከፊሉን ተማሪ አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላውን አንብቦ ራሱን እንዲፈትን አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ራሳቸውን የፈተኑት ጥለዋቸው ሄዱ። እንግዲህ ሽምደዳ የሚሠራው ፈተናው ቅርብ ሲሆን ነው፤ ለሚድ የተያዘው ለፋይናል አይደርስም፣ የአንደኛ ዓመቱ ሁለተኛ ዓመትን አያይም። በየሴሚስተሩ ያንኑ ሴል እንደ አዲስ የሚተዋወቅ ተማሪ ያለው ለዚህ ነው። አንድ የማልክደው ነገር አለ፤ ቃላቱ መታወቅ አለባቸው። ክሎሮፕላስትን ከክሮሞሶም የማይለይ ሰው ስለ ምንም ነገር ሊከራከር አይችልም። ይሁንና ቃሉ ከሥራው ጋር ከተያዘ የሚያዘው ራሱ ይቀንሳል፤ አራቱ የማይቶሲስ ደረጃዎችም አንድ ሴል ውርሱን ለሁለት ልጆቹ እኩል ለማካፈል ምን ምን ማድረግ እንዳለበት ላሰበ ሰው ሌላ ቅደም ተከተል ሊኖራቸው አይችልም። ክሮሞሶሙ ሳይሰበሰብ አይሰለፍም፤ ሳይሰለፍ አይከፈልም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። «መሸምደድ የእኛ ባህል ነው፤ አባቶቻችን ዳዊትን በቃላቸው ይዘው አይደለም ወይ እዚህ የደረሱት?» ይላሉ፤ በተለይ የኮፒ ቤት ባለቤቶች። ዳዊትማ በቃል ተይዟል። ግን የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት እዚያ አላቆመም። ተማሪው ቅኔ ቤት ሲገባ ሕጉ ይገለበጣል። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ በየጊዜው አዲስ ቅኔ ራሱ መቁጠር አለበት፤ የትናንቱን ዛሬ ደግሞ፣ የጓደኛውን የራሱ አድርጎ ቢያመጣ መምህሩ ፊት አፍሮ ይመለሳል። በቃል የያዘው ሁሉ ለዚህ ስንቅ ነበር። እንዲህ ከሆነ ባህላችንን ጠብቀናል የምንለው ግማሹን ብቻ ነው፤ ንባብ ቤቱን ዩኒቨርሲቲ አስገብተን ቅኔ ቤቱን ደጅ ትተነዋል። የመግቢያ ባዮሎጂ ተማሪ ሰም የሆነውን ሁሉ ይዞ ወርቁን ሳይነካ የሚመረቅበት ምክንያት ከባህል ማክበር ጋር አይገናኝም።

ሌላው ተቃውሞ ላብራቶሪና እንግሊዝኛ ነው። ማይክሮስኮፕ የለም፣ ያለው መነጽሩ ተቧጭሯል፣ መጽሐፉ በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ታዲያ ልጁ ከመሸምደድ ሌላ ምን ያድርግ? የእንግሊዝኛው ነገር እውነተኛ ሸክም ነው፤ አላቃልለውም። ግን ያልገባን ነገር በእንግሊዝኛ መሸምደድ እንግሊዝኛውንም ባዮሎጂውንም አያስተምርም፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ገብቶት ለፈተናው በእንግሊዝኛ የሚያሰናዳ ልጅ አንድ ሥራ ይቀንስለታል። ላብራቶሪን በተመለከተ ደግሞ የአገራችን ትልቁ የባዮሎጂ ግኝት የት እንደተጀመረ ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ ሲያጠኑ ዓድዋ አንድ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከልብስ ማጠቢያው ወደ ታች ባለው ውኃ የሞተ ቀንድ አውጣ በዝቶ ታያቸው። ከላይ በኩል ያለው ሕያው ነው። ያ እንዶድ ቀንድ አውጣው ሕያው ወደ ሆነበት ውኃ እንዲጨመር ጠየቁ፤ ተጨመረ፤ ሞተ። ምልከታ፣ ጥያቄ፣ መላምት፣ ሙከራ፣ ማነጻጸሪያ፤ ምዕራፍ አንድ ላይ በቁጥር ተደርድሮ የሚሸመደደው ሁሉ በአንድ ወንዝ ዳር፣ ከባልዲና ከልብስ በቀር ሌላ መሣሪያ ሳይኖር ተከናወነ። ዶክተር አክሊሉ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተሰኘውን ሽልማት ያገኙበት ሥራ መነሻው ይህ ነው። እንዶድ ዛሬም በየደጁ አለ። ከዊንጌት ራቅ ሳይባልም ከ700 ሄክታር በላይ የያዘው የጉለሌ ዕፅዋት ማእከል አለ፤ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከአውስትራሊያ መጥቶ እንጦጦን የወረሰው ባሕር ዛፍና የአገሩ ጥድ እዚያ ጎን ለጎን ይታያሉ፤ የትኛው ከሥሩ ምን እንዳበቀለ ጎንበስ ብሎ መቁጠር የመግቢያ ክፍያ እንጂ ማይክሮስኮፕ አይጠይቅም።

ስለዚህ ነገሩ ያለው ጥያቄ አውጪው እጅ ላይ ነው፤ ተማሪው የተጠየቀውን ነው የሚያጠናው። የምርጫ ጥያቄም ቢሆን «ለምን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። «አብሲቱ ሳይቀዘቅዝ ሊጡ ውስጥ ቢጨመር እንጀራው ዓይን የማያወጣው፦ ሀ. ስታርቹ ስላለቀ፣ ለ. የእርሾው ኢንዛይሞች ስለተበላሹ፣ ሐ. ኦክስጅን ስለበዛ፣ መ. ሁሉም» ቢባል ለማረም ከቀድሞው አንድ ደቂቃ አይጨምርም። የሚመጣው ወቀሳ ከወዲሁ ይታወቃል፤ በሳምንቱ ጥያቄው ኮፒ ቤት ይደርሳል፣ በወሩ «የአብሲት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው» ተብሎ በስፓይራል ተጠርዞ ይሸጣል፣ በሚቀጥለው ዓመትም አብሲት በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ልጅ ታክሲ ውስጥ «ለ፣ ለ፣ ለ» እያለ ይሄዳል። ይሁን። ያን ጊዜ መምህሩ አብሲቱን ትቶ ወደ ጠላው ይዙር፤ ገብሱ ካልበቀለ ጠላው ለምን አይነሳም? ብሎ ይጠይቅ። እሱም ሲጠረዝ ቋንጣ አለ፤ ጨው የተነሰነሰበት ሥጋ ውኃውን ለማን ሰጠ? ከቋንጣ በኋላ እርጎ፣ ከእርጎ በኋላ ቆጮ፣ ከቆጮ በኋላ አዋዜ አለ። ኮፒ ቤቱ ወረቀት ሊያልቅበት ይችላል።